ሁለት ቁራጭ መስታወት ፍለጋ፣ ከሀና ማርያም እስከ ለቡ

ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል፣ ሀና ማርያም

ጥር 1990፣ ዓርብ። በሬን ቆልፌ ስወጣ ሣሩ ላይ ውርጭ አለ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ኪዳን ይደርሳል፤ ከጎረቤት በረት አንዲት ላም ታስላለች። የያዝኩት አንድ የጨርቅ ቦርሳ ነው። ውስጡ አጉሊ መነጽር፣ ሁለት ጊዜ የታጠበ ነጭ ጨርቅ፣ ጥጥ የተጎዘጎዘበት ባዶ የክብሪት ሳጥንና ጃንጥላ አለ። ጃንጥላው ለፀሐይ ነው።

የዚህ ጋዜጣ አንባቢ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ሰው ሲያወጋው ለምዷል። እኔ ባሕር ቀርቶ ዓባይንም አልተሻገርኩም። የዛሬው ጉዞዬ ከከተማው ደቡብ ጠርዝ ተነሥቶ እዚያው ጠርዝ ላይ የሚያልቅ የአንድ ቀን መንገድ ነው። ቢሆንም ቀጠሮ አለው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ጎፋ አጠገብ በምሠራበት የቴክኒክ ማሠልጠኛ፣ ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ወደ ጨለማ ክፍሌ ይመጣል። ብርሃን በመስታወት ውስጥ ሄዶ፣ ለሁለት ተከፍሎ ሲወጣ ካሳየኋቸው ክፍሉ በእጄ ይቆያል። ካላሳየኋቸው ሰኞ ጠዋት መጋረጃው ይወርድና አዲስ ለሚመጡት ኮምፒውተሮች ይሰጣል። ስድስት ዓመት የሠራሁበት ክፍል ነው።

መስታወቶቹ ደግሞ በእጄ የሉም። ብስራተ ገብርኤል ያለ መነጽር ሠሪ ዘንድ ናቸው። ሰውየው ትናንት አመጣልሻለሁ ብለው አልመጡም።

በዚህ ሰዓት ከሰፈራችን መኪና አይገኝም፤ ላፍቶ ድረስ በእግሬ ነው የምሄደው። ጭድ የተጫኑ አህዮች ይቀድሙኛል። አቧራው ገና በጤዛ ተይዟል፤ ሁለት ሰዓት ሲሆን ይነሣል።

12 ሰዓት ተኩል፣ ላፍቶ

«መካኒሳ፣ ብስራተ ገብርኤል! ሁለት ሰው! ሁለት ሰው የቀረው!» ይላል ወያላው። ገብቼ ስቀመጥ ሚኒባሱ ውስጥ ያለነው እኔና ሾፌሩ ብቻ ነን።

«የቀረው ሁለት ሳይሆን አሥር ነው» አልኩት።

«እናቴ፣ ካልቆጠርሽብን እኮ ይሞላል!»

እስኪሞላ ድረስ ስለ መስታወቶቹ ልንገራችሁ። በሠለጠኑት አገሮች የስልክ ድምፅ በመዳብ ሽቦ መሄዱ እየቀረ፣ በቀጭን የመስታወት ክር ውስጥ በብርሃን መሄድ ጀምሯል። ክሩ ብርሃኑን ያደርሳል። ከደረሰ በኋላ ግን የሚከፍለው፣ የሚያገናኘው፣ አቅጣጫ የሚያስይዘው ነገር ያስፈልጋል። ሬዲዮ ከፍታችሁ ካያችሁ የኤሌክትሪክ መንገድ የተሳለባት አንዲት ሰሌዳ አለች። በኤሌክትሪክ ፋንታ ብርሃን የሚመላለስባትን፣ ከአውራ ጣት የማትበልጥ የመስታወት ሰሌዳ ለመሥራት ነው ብዙ ሊቃውንት የሚደክሙት። እኔ ከዚያ ሁሉ የሞከርኩት ትንሹን ነው፤ አንድ መንገድ ገብቶ ሁለት ሆኖ የሚወጣበትን መጋጠሚያ።

ሥዕሉን በር በሚያህል ወረቀት ላይ አሰመርኩ። ፎቶ ቤት ወስጄ ፊልም ላይ አሳነስኩት። የፊት መስታወት ሠሪዎች ጀርባውን የሚቀቡትን ብር መስታወቱ ላይ በስሱ ቀባሁ፤ ሥዕሉን ከፊልሙ ወደ ብሩ አሳልፌ ከመስመሩ በቀር ያለውን በአሲድ አጠብኩ፤ ከዚያ ምድጃ ውስጥ በኤሌክትሪክ እየገፋሁ ብሩን ወደ መስታወቱ አስገባሁት። ብር በገባበት መስመር ውስጥ ብርሃን ቀስ ይላል። የሚገርመውም ይኸው ነው። ብርሃን ቀስ በሚልበት ስፍራ ይታሰራል፤ ወደሚፈጥንበት አያመልጥም።

መንገዱ ከፀጉር አይወፍርም። የሚሄደውም ከመስታወቱ ፊት ሥር፣ እጃችን ላይ ደም ሥር ከቆዳ ሥር እንደሚታየው ነው። ብርሃኑ የሚገባው በጠርዙ በኩል ስለሆነ ጠርዙ እንደ ውኃ ጠርቶ መወልወል አለበት። አሥራ አንድ ሠርቼ ዘጠኙን ጠርዛቸውን በእጄ ስወለውል ፈረፈርኳቸው። የቀሩትን ሁለቱን ነው ለመነጽር ሠሪው የሰጠሁት።

አሥራ ሁለተኛን በማታ ትምህርት የጨረስኩት በሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ ዲግሪዬን ያገኘሁት በአርባ። ዘግይቶ የተማረ ሰው ለስሕተት የሚመድበው ትርፍ ዓመት የለውም። ሁለት ብቻ መቅረታቸው ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ ነስቶኛል።

1 ሰዓት ተኩል፣ ብስራተ ገብርኤል

ሱቁ ተቆልፏል። በሰማያዊ ቀለም የተሳሉት ሁለት ዓይኖች ከበሩ በላይ ሆነው መንገዱን ያያሉ። አጠገቡ ባትሪና የሰዓት ማሰሪያ የሚሸጥ ሰውዬ ጠረጴዛውን እየዘረጋ ነው።

«ሸምሱን ነው? ዛሬ ቤቱን ያስመርጋል።»

«የት?»

«ለቡ ነዋ። መሬት አግኝቶ ቤት እየሠራ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ሲመርቀው ነው የከረመው፤ አልሰማሽም?»

«አንድ ዕቃ ነበረኝ።»

«መነጽር ከሆነ የኔን ልስጥሽ» ብሎ አፍንጫው ላይ ያለውን አወለቀ። «ጋዜጣ ያነባል፤ መርፌ ግን አያይም።»

ሳቄ መጣ፤ ግን ሰዓቴን እያየሁ ነበር። የቤቱን አቅጣጫ ጠየቅሁት።

«ሚኒባሱ የሚያዞርበት ውረጂ። ከዚያ ባሕር ዛፍ ተሸክሞ የሚሄድ ሰው ታገኛለሽ፤ እሱን ተከተዪ። ለቡ ሁሉም ቤት ሠሪ ነው፣ አትጠፊም።»

ቆሜ አንድ ሻይ ጠጣሁ። ሠላሳ ሳንቲም። ብርጭቆው ትኩስ ስለነበር እጄን አሞቀልኝ።

2 ሰዓት ከሃምሳ፣ ከመካኒሳ ወደ ለቡ

ጎኔ የተቀመጠችው ሴት በር ይዛለች። ሙሉ የቤት በር፣ ከነማጠፊያው። ግማሹ በመስኮት ወጥቷል፤ ግማሹ ጉልበታችን ላይ ተጋድሟል።

«የበሩ ሒሳብ» አለ ወያላው።

«በር ምን ይከፍላል? ቁጭ አላለ!»

«የተኛ ሰው እጥፍ ነው የሚከፍለው፣ እትዬ።»

መኪናው ሙሉ ሳቀ፤ እሷ ግን የበሩን ሳትከፍል ወደ እኔ ዞረች። «አንቺስ? ምን ይዘሽ ነው የምትገቢው?»

«ምንም።»

«ባዶ እጅሽን? ወደ ለቡ ምስማር እንኳን ሳይዝ የሚሄድ የለም እኮ!» አለችና ከቦርሳዋ አንድ እፍኝ ቆሎ ዘግና ሰጠችኝ።

በመስኮት የማየው የታጨደ ማሳ ነው፤ በመሃሉ የባሕር ዛፍ አጥሮች፣ ያልተመረጉ የእንጨት ቤቶች፣ አዲስ ቆርቆሮ። ጣሪያው ያለቀለት ግድግዳ የለውም፤ ግድግዳ ያለው በር የለውም። ሰው ሁሉ ወደ አንድ ነገር የሚገባ ይመስላል። እኔ ብቻ ዕቃዬን ተቀብዬ ልመለስ ነው የመጣሁት።

4 ሰዓት፣ ለቡ

አቶ ሸምሱን የማውቃቸው በነጭ ጋውን ነው። ስልጤ ናቸው፤ ሃምሳውን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ጣታቸው እንደ ሐኪም ጣት የጸዳ። ዛሬ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው ከአራት ሰዎች ጋር ጭቃ ይረግጣሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘይነባ ከላይ ጭድ ትነሰንሳለች።

«ቲቸር!» አሉ ሲያዩኝ። «ለምርጊት መጣሽልን?»

«ስለ መስታወቶቹ ነው፣ አቶ ሸምሱ። ቀጠሮዬ ዛሬ ነው።»

«ትናንት ጨርሼልሻለሁ። ላመጣልሽ ስወጣ ጭድ ሻጩ ያዘኝና መሸ። ያውልሽ ኮቴ፣ ምሰሶው ላይ። እጄ ጭቃ ስለሆነ አንቺው አውጪው።»

ከኮቱ ኪስ በመነጽር መጥረጊያ የተጠቀለሉትን ሁለቱን አወጣሁ። ጠርዛቸው እንደ ውኃ ነው። እንዲህ ያለ ውልወላ በሕይወቴ አላየሁም። ከዚያ አጉሊ መነጽሬን አውጥቼ ወደ ፀሐይ ዞርኩ። በማዕዘኑ ላይ፣ ዙሪያውን ሁሉ፣ ቀጭን የሚያብረቀርቅ መስመር አለ። ጭድ እስር ላይ ተቀመጥኩ።

«ምነው?»

«ጠርዙን ሰበሩት።»

«ምን ሰበርኩ? እንደ እንቁላል ነው የያዝኩት!»

«ስለቱን ማለቴ ነው።»

«እሱንማ እሰብራለሁ!» አሉ ከጭቃው እየወጡ። «ስለት ያለው መስታወት ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። በአውራ ጣትሽ እስቲ ዙሪያውን ሂጂበት። ያስተማረኝ ሽማግሌ አርመን የጨረስኩትን ሁሉ እንዲህ በአውራ ጣቱ ይሄድበት ነበር። ከደማ በጥፊ ነው! ሰው ዓይኑ ሥር የሚያደርገው ነገር ነው ይለኛል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ሰው አላደማሁም።»

ምን ልበል? ሥራውን ስሰጣቸው አሥራ አራት መስመር መመሪያ ጽፌ ነበር። ርዝመቱን፣ ቀጥታውን፣ በየትኛው ዱቄት እንደሚወለወል፣ በምን ጨርቅ እንደሚጠቀለል ጽፌያለሁ። ስለቱን አይንኩት የሚል መስመር የለበትም። ለኔ ግልጽ ስለነበር መጻፉ ትዝ አላለኝም። እሳቸው ደግሞ ሳይነገራቸው ያደረጉት ለጣቴ አስበው ነው።

አንድ የጭድ ዘንግ አንሥቼ ያልደረቀው ግድግዳ ላይ ሣልኩላቸው። ይኸ የመስታወቱ ፊት፤ ይኸ ከሥሩ የሚሄደው የብርሃን መንገድ፤ ይኸ እርስዎ የቆረጡት ማዕዘን። መንገዱ ከፊቱ ሥር ስለሚሄድ፣ ማዕዘኑ ሲቆረጥ አፉ አብሮ ተቆርጧል። ብርሃኑ ሲመጣ ተዳፋቱ ላይ ወርዶ ይበተናል እንጂ አይገባም።

ጎንበስ ብለው አዩት። «ቤቱን ሠርተሽ በሩን ገነጠልኩብሽ በይኛ።»

«መልሶ ሊሞረድ ይችላል። ከሁለቱም ጫፍ ግማሽ ሚሊሜትር ቢነሣ አፉ ይገኛል፤ ትርፍ ርዝመት ትቼለታለሁ። ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት...»

ጭቃውን አዩ፤ ሰዎቹን አዩ። ወይዘሮ ዘይነባ ጭዱን አስቀመጠች።

«ምን ታያለህ? ሂድ እንጂ! አንተ ኖርክም አልኖርክም ጭቃው ይረገጣል። እንዲያውም ከአንተ ይልቅ ሌሎቹ ይረግጣሉ፤ ጠዋት ሙሉ ወሬ ነው ያበዛኸው።»

ሰዎቹ ሳቁ። እሳቸው እግራቸውን ሊታጠቡ ሲሄዱ ለኔ ቆጮና ጎመን በወረቀት ጠቅልላ አመጣችልኝ። «ጾም ነው አይደል? ቅቤ አላስነካሁትም» አለችኝ። ለእንግዳ ያዘጋጀችው እንዳልነበረ ገባኝ፤ ለሠራተኞቹ ከተቀቀለው ቅቤ ሳይገባበት ቀንሳ ማውጣቷ ነበር።

5 ሰዓት ከሩብ፣ መንገድ ላይ

የአቶ ሸምሱ እግር ታጥቧል፤ ሱሪያቸው ግን አልታጠበም።

«አባቴ» አለ ወያላው፣ «መኪናው ነው እንዴ የሚመረገው?»

«አትናገር፣ ክረምት ሲመጣ ትለምነኛለህ!»

ከመካኒሳ በኋላ ግን ጨዋታው ቀረ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ቲቸር፣ እሞርድልሻለሁ። ስለቱን ትቼ ግን አልሰጥሽም» አሉኝ።

«ስለቱ ከተሰበረ አይሠራም።»

«ስለት ካለው ደግሞ የኔ ሥራ አይደለም።»

«ማንም አይነካውም። እኔ ብቻ ነኝ የምነካው።»

«አንቺስ ሰው አይደለሽም?»

ብስራተ ገብርኤል እስክንደርስ ሁለታችንም በየመስኮታችን አየን።

6 ሰዓት ከሩብ፣ እንደገና ብስራተ ገብርኤል

ሱቁ ሦስት እርምጃ በአራት ነው። መነጽር የሌለባቸው ፍሬሞች ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል፤ ጥግ ላይ በሞተር የሚዞር የሞረዳ ድንጋይ አለ። አቶ ሸምሱ ጋውናቸውን ከጭቃው ሱሪ በላይ ለበሱ። ሁለቱን መስታወቶች በሁለት ጣታቸው ይዘው አገላበጧቸው። ከዚያ ፊትና ፊት አገጣጠሟቸው።

«ቀጭን መስታወት ስሞርድ እንዳይፈረፍርብኝ ጥንድ ጥንድ አድርጌ ነው የማጣብቀው» አሉ። «እነዚህን መንገድ በተሣለበት ፊታቸው ብናጣብቃቸው፣ የውስጡ ስለት የት አለ? አንዱ ሌላውን ሸፈነው። ጣት አያገኘውም። ያን ጊዜ የውጩን እሰብራለሁ፤ የውስጡን እተውልሻለሁ።»

መጽሔት ውስጥ ያነበብኩት ዘዴ ነበር፤ ሌላ መስታወት ደርቦ መወልወል። አንብቤ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ገልብጬዋለሁ። ዘጠኙን ስሰብር ግን አንድ ጊዜም አላሰብኩትም። የሚደረበው ሌላኛው ራሱ ሊሆን እንደሚችል ደግሞ መጽሔቱም አላለም።

ማጣበቂያ ዝፍት ሲያነሡ እጃቸውን ያዝኩ። «ዝፍት ብርሃን ይጠጣል። ሻማ ይሁን። በሰም ውስጥ ብርሃን ከመስታወቱ ይልቅ ይፈጥናል፤ ስለዚህ ወደዚያ አይሸሽም።»

«ፍጥነት አይወድም ማለት ነው?»

«እዚህ ላይ አይወድም።»

«እንደኔ አርጅቷል» ብለው ሻማውን ሰባበሩት።

መስታወቶቹን በምድጃ አሙቀን፣ በመካከላቸው ሰም አቅልጠን፣ በአጉሊ መነጽር እያየሁ ጫፍና ጫፋቸውን አስተካከልኩ፤ እሳቸው ጫኑት። ከመስጊዱ ጥሪ ተሰማ።

«ሳይበርድ ብትነኪው ይንሸራተታል። እኔ ጁምዓ ሰግጄ እመጣለሁ። የሚመጣ ሰው ካለ ተመለስ በይው።»

ብቻዬን ቀረሁ። ቆጮውን በላሁ። መንገዱ ጭር አለ፤ ሱቆቹ ግማሽ በራቸውን ዘግተዋል። በዚያ አንድ ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ሰሙ ሲነጣ ከማየት ሌላ የምሠራው ስላልነበረ፣ ስለ ጨለማው ክፍል አሰብኩ። ቁልፉ አንድ ነው፤ አንገቴ ላይ ነው። ተማሪ ሲጠይቀኝ አቧራ ይገባል እላለሁ። አቧራ መግባቱ እውነት ነው። ሌላው እውነት የሰው እጅ ሲያበላሽ ቆሜ ማየት አለመቻሌ ነው። ስለዚህ የማበላሸውም የማስተካክለውም እኔው ሆኜ ስድስት ዓመት ሄደ። በዚያ ክፍል ውስጥ የሰው ድምፅ የሰማሁበትን ቀን ለማስታወስ ሞከርኩ። የመብራት ኃይል ሠራተኛ ቆጣሪ ሊያይ መጥቶ ነበር። አምና ይሁን ካቻምና አላውቅም።

7 ሰዓት ከአርባ

ድንጋዩ ይዞራል፤ ውኃ ይንጠባጠብበታል፤ ድምፁ ጥርስ ያማል። ጥቂት ሞርደው ያወጡታል፤ በአጉሊ መነጽር አየዋለሁ። «ትንሽ።» ይመለሳል። «አሁንም ትንሽ።» ሰባት ጊዜ ነው የመለስኳቸው፤ አንድ ጊዜም ፊታቸው አልተቆጣም። በሰባተኛው የተዳፋቱ መስመር ጠፋ። ሌላውም ጫፍ እንዲሁ። ከዚያ የመወልወያው ቀይ ዱቄት፣ ከዚያ ጨርቁ።

ስምንት ተኩል ሊሆን ጥቂት ሲቀረው የውጩን ማዕዘን በስሱ ሰበሩ። አውራ ጣታቸውን ዙሪያውን ወሰዱ፤ ጣታቸውን ወደ ብርሃን አንሥተው አዩ። ደም የለም።

«አሁን የኔ ሥራ ነው» አሉና በነጩ ጨርቅ ጠቀለሉት። «ቲቸር፣ እኔ ብርሃኑን ዓይን ድረስ አደርሳለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አላህ ያውቃል። ያንቺው የት ነው የሚደርሰው?»

«ለጊዜው ነጭ ወረቀት ላይ።»

ሳቁ። ሱቁን ቆልፈው ወደ ጭቃቸው ሊመለሱ ነው። አመሰገንኳቸው፤ እጅ ነሣሁ፤ ሮጬ ታክሲ ያዝኩ። አንድ ድልድይ ካለፍን በኋላ ነው አንድ ነገር የቆጨኝ። ኑና ይዩት አላልኳቸውም። እሳቸውም ቆመው ነበር፤ አንድ ቃል እንደሚጠብቅ ሰው።

9 ሰዓት፣ ጎፋ

ሌዘሩ ለማስተማሪያ የመጣ ቀይ መብራት ነው፤ እስኪረጋ ድረስ ጊዜ ይፈልጋል። ዲኑ፣ የሒሳብ መምህሩና የንብረት ኃላፊው ሲገቡ ገና ብሎኖቹን እያስተካከልኩ ነበር። ዲኑ ወጣት ነው፤ ክፍሉን በዓይኑ ይለካል። ሽማግሌው የሒሳብ መምህር ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ።

መብራቱን አጠፋሁ። ወረቀቱ ላይ የወጣው የተበተነ ቀይ ጭጋግ ነው። ብሎኑን የፀጉር ያህል አዞርኩ። ጭጋግ። ወደ ኋላ መለስኩ። ጭጋግ። ከኋላዬ የንብረት ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ወይዘሪት በላይነሽ፣ ሌላ ቀን...» አለ ዲኑ።

«አንድ ደቂቃ።»

አራተኛው ጭጋግ ተሰበሰበ። ወረቀቱ ላይ ሁለት ቀይ ነጥቦች ቆሙ፤ ጎን ለጎን፣ በመካከላቸው ጨለማ።

ሽማግሌው መምህር ተጠግተው እጃቸውን ከሌዘሩ ፊት አስገቡ፤ ሁለቱም ጠፉ። እጃቸውን አነሡ፤ ሁለቱም መጡ። «አንዱ ገብቶ ነው ሁለቱም የሚወጡት» አሉ ለራሳቸው።

«ደሞዛችን እንዲህ በሆነ!» አለ የንብረት ኃላፊው።

«እኩል አይደሉም» አልኩ። «የግራው ደካማ ነው። ምን ያህል እንደሆነ አልለካሁም። የሠራውም ከሁለቱ መስታወት የታችኛው ብቻ ነው፤ የላይኛውን ገና አልሞከርኩም።» ይህን ባልናገር ይሻል ነበር መሰለኝ፤ ግን እውነቱ ይኸው ነው።

ዲኑ መብራቱን አበራ። በክፋት አልነበረም የጠየቀኝ። «ጥሩ፤ አሳይተዋል። አንድ ነገር ግን ይንገሩኝ። ነገ እርስዎ ቢታመሙ ይህን ማን ያበራዋል?»

አንገቴ ላይ ያለውን ቁልፍ ነካሁ።

«አንድ ሰው ብቻ ለሚያውቀው ሥራ ክፍል መያዝ አልችልም። ቅጹ ላይ አብሮ የሚሠራ የሚል መስመር አለ፤ እርስዎ ባዶ ትተውታል። ስም ይጻፉልኝ፤ እስከ ሰኔ እፈርማለሁ። ስም ከሌለ ሰኞ ነው።»

ብዕሩን ያዝኩ። የማሠልጠኛውን መምህራን ስም አንድ በአንድ በልቤ አነሣሁ፤ እዚህ ክፍል በር ላይ የመለስኳቸው ናቸው። አቶ ሸምሱ ብዬ ጻፍኩ። የአባታቸውን ስም ሱቃቸው ላይ ካለው የንግድ ፈቃድ አይቼው ነበር።

«ከየትኛው ክፍል ናቸው?»

«መነጽር ሠሪ ናቸው። ብስራተ ገብርኤል።»

«ዲግሪ አላቸው?»

«ሠላሳ ዓመት አላቸው።»

ዲኑ ሊስቅ ሲል ሽማግሌው መምህር፣ «ተወው እንጂ፤ ዲግሪማ እዚህ ቤት ሞልቷል። እጅ ነው የጠፋው» አሉት። ዲኑ ጥቂት ካሰበ በኋላ ፈረመ። ከፊርማው በታች ግን በእጁ አንድ መስመር ጨመረ፤ ሰውየው በሳምንት ሁለት ቀን እየመጡ ይፈርማሉ፤ ካልመጡ ፈቃዱ ይሰረዛል።

ሲወጡ የንብረት ኃላፊውን ተከትዬ ሌላ በርጩማ ጠየቅሁት። ክፍሉ ውስጥ ያለው አንድ ነው።

11 ሰዓት፣ ወደ ላፍቶ

ፀሐይ ከፉሪ ተራራ በላይ ናት፤ አቧራው ቢጫ ሆኗል። ከሾፌሩ ጎን ተቀምጫለሁ፤ ቅጹ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ደስ ብሎኛል ልል እችል ነበር። ግን የሰው ስም ያለ ፈቃዱ ጽፌያለሁ። ቤት የሚሠራ፣ ሱቅ ያለው፣ ዛሬ በኔ ምክንያት ጭቃውን ጥሎ የመጣ ሰው። እምቢ ቢሉኝ ምን እንደምል አላውቅም። እሺ ቢሉኝም ያንን ክፍል ከሰው ጋር እንዴት እንደምቀመጥበት አላውቅም። እንዲህ ያለ ነገር ሰው ለምኜ አላውቅም፤ ቃሉ በየትኛው በኩል እንደሚጀመር እያሰብኩ ነው የሄድኩት።

«ሾፌር፣ ነገ ጠዋት ወደ ለቡ የሚሄድ መኪና ስንት ሰዓት ይጀምራል?»

«ቅዳሜ ነው፤ አንድ ሰዓት ላይ ከመካኒሳ ታገኛለሽ። ዘመድ አለሽ እንዴ እዚያ?»

«ገና አልጠየቅኋቸውም» አልኩት።